አንድ ድስት፣ አንድ እሳት፦ የካምፒንግ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የካምፒንግ ክበብ ዘንድሮ ከያዛቸው ሥራዎች ሁሉ ብዙ ሰዓት የወሰደው የእራት ጉዳይ ነው። የድንኳን አተካከል፣ የካርታ ንባብና የመጀመሪያ ርዳታ ልምምዶች እንደ ወትሮው ቀጥለዋል፤ ዝርዝራቸው በክበቡ መዝገብ ስላለ እዚህ አልደግመውም። እራቱን ግን ሰፋ አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ የክበቡ አባል ያልሆነ ተማሪም ከቤተሰቡ ጋር ሜዳ ሲያድር ይጠቅመዋልና። ለአባላቱ የተሰጠው ሥራ ይህ ነበር፦ ሳይጨልም የሚደርስ፣ በአንድ ድስት የሚወጣ፣ እሳቱ ከተዘጋጀ በኋላ ከ40 ደቂቃ የማይበልጥ፣ ጣዕሙም «ለሜዳ ምን አለበት» ተብሎ የማይታለፍ እራት።

አንደኛው መንፈቅ ዓመት ያለቀው ክፍል ውስጥ ሚዛንና ከረጢት ይዞ ነው። «እሳቱ መቼ ነው?» እያሉ ያጉረመረሙ አልጠፉም፤ የሜዳ እራት ግን ግማሹ የሚሠራው ከቤት ሳይወጡ ነው። ለእያንዳንዱ እራት አንድ ከረጢት ይዘጋጃል። ክኩ ወይም ሩዙ ተለቅሞና ተመዝኖ ይገባል፣ ቅመሙ ተቀላቅሎ በትንሽ ፌስታል ይታሰራል፣ ዘይቱ ክዳኑ በደንብ በሚጠብቅ ጠርሙስ ይያዛል። ከረጢቱ ላይ የውሃው መጠንና የሚበስልበት ደቂቃ በማይለቅ ብዕር ይጻፋል። መለኪያ ኩባያ መሸከም የማይፈልግ ደግሞ ድስቱ ውስጥ 1 ሊትር ውሃ ጨምሮ የእንጨት ማማሰያውን በቁሙ ያስገባና ውሃው የደረሰበት ላይ በቢላ ጭረት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ለዚያ ድስት መለኪያው ማማሰያው ነው።

አባላቱ ደጋግመው የሠሩት የምስር ክክ ነው። ቶሎ ይበስላል፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ የጣዕም ቅደም ተከተልን ለማስተማርም ከእሱ የተሻለ አላገኘንም። ለአራት ሰው 300 ግራም ክክ፣ ሁለት መካከለኛ ሽንኩርት፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ሳልሳ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ከሙን፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1.2 ሊትር ውሃና ግማሽ ሎሚ ይበቃል። ሽንኩርቱ በዘይቱ 8 ደቂቃ ያህል ይቁላላል፤ ጠርዙ ቡናማ መሆን ሲጀምር ነጭ ሽንኩርቱ ይገባል። ከ1 ደቂቃ በኋላ ቅመሙ ይከተላል፤ ለእሱ 30 ሰከንድ ይበቃዋል። ቀጥሎ ሳልሳው ገብቶ ቀለሙ እስኪጠቁርና ዘይቱ ዳር ዳር እስኪወጣ 2 ደቂቃ ይማሰላል። ከዚህ በኋላ ውሃው፣ ክኩና ጨው ይጨመራሉ፤ አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ በቀስታ እየተንተከተከ በ20 ደቂቃ ይደርሳል። ሎሚው የሚጨመቀው ድስቱ ከእሳት ከወጣ በኋላ ነው።

የተበላሹት ድስቶች ሁሉ ማለት ይቻላል የተበላሹት በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው። የከሙንና የእርድ መዓዛ በውሃ ሳይሆን በዘይት ነው የሚሟሟው፤ ቅመሙን ፈልቶ በሚንተከተክ ውሃ ላይ የበተነ ሰው የዱቄት ጣዕም ያለው ወጥ ይበላል። ነጭ ሽንኩርትን ከሽንኩርቱ ጋር አንድ ላይ የጨመረ ደግሞ ሽንኩርቱ ሳይበስል ነጭ ሽንኩርቱ ያርርበታል፤ የዚያን ምሬት ምንም አያነሳውም፣ ዘይቱን ደፍቶ እንደገና መጀመር ነው። ሎሚ ቀድሞ ከገባ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይበናል፤ አሲዱም ጥራጥሬውን ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርገዋል። ሁለት ማንኪያ ሳልሳ ክኩን አያስቸግረውም፤ ባቄላን ለመሰለ ሙሉ ጥራጥሬ ግን ሳልሳውም ወደ መጨረሻው ይገፋል።

ሙሉ ደረቅ ጥራጥሬ ለአንድ ሌሊት ጉዞ አለመያዙን እመክራለሁ፤ በተለይ ከፍታ ቦታ ላይ። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ መፍያው 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። 3000 ሜትር ላይ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃው እየተፍለቀለቀም ምግቡ የሚዘገየው ለዚህ ነው። እሳቱን ማብዛት ውሃውን ከመፍያው በላይ አያሞቀውም፤ ትርፉ ውሃው ቶሎ አልቆ ምግቡ ሥር መያዙ ነው። መፍትሔው ክዳን መግጠም፣ ደቂቃ መጨመርና ቶሎ የሚበስል መምረጥ ነው፦ ክክ፣ ቀጭን ፓስታ፣ ወይም እኩል መጠን የፈላ ውሃ ፈስሶበት ተከድኖ በ5 ደቂቃ የሚደርስ ኩስኩስ።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ወደ እሳቱ ወጣን። ጀማሪ የሚቸኩለው እዚህ ነው፤ ነበልባል ሲያይ ድስቱን ይጥዳል። ነበልባል አንዴ ይቆጣል፣ አንዴ ይወርዳል፣ ድስቱን በጥቀርሻ ይሸፍነዋል። ድስት የሚጣደው በፍም ላይ ነው፤ ጥሩ ፍም ለማግኘት ደግሞ ደረቅና ጠንካራ እንጨት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት መንደድ አለበት። ስለዚህ ድንኳን ከመተከሉ በፊት እሳቱ ይለኮሳል። እንጨቱ ሲሰበር ቀጭ የሚል ካልሆነና ከተጣመመ እርጥብ ነው፤ ጭሱ ከሙቀቱ ይበልጣል። የፍሙን ኃይል ለመለካት መዳፍን ከፍሙ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ መቁጠር ይበቃል። ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ብቻ ካስቻለ ለማቁላላት ይሆናል፤ ከ6 እስከ 8 ካስቻለ ለማንተክተክ። ፍሙን በአንድ ወገን ወፍራም፣ በሌላው ስስ አድርጎ መዘርጋት ሁለት ምድጃ እንደማግኘት ነው፤ ሙቀት የሚቀነሰው ድስቱን ወደ ስሱ ወገን በመግፋት ነውና። ጉልቻ ከወንዝ ዳር አይለቀምም፤ ውስጡ ውሃ የያዘ ድንጋይ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። ድስቱ ከመጣዱ በፊት ከውጭ በኩል ፈሳሽ ሳሙና ቢቀባ ጥቀርሻው በቀላሉ ይለቃል።

እሳት ማንደድ በማይፈቀድበት ቦታ ትንሿ የጋዝ ምድጃ አለች። በመጠነኛ አየር፣ ነፋስ በሌለበት፣ 1 ሊትር ውሃ ለማፍላት 10 ግራም ገደማ ጋዝ ይበቃል፤ ነፋስና የክዳን አለመኖር ይህን በብዙ ያሳድጉታል። የነፋስ መከለያ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ጋዙ ከምድጃው ሥር ከተገጠመ ዙሪያውን መክበብ የለበትም፣ ጋዙ ግሎ አደጋ ይፈጥራል። ቢውቴን ብቻ የያዘ ጋዝ ብርዱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲቀርብ አይተንም፤ ለብርድ ቦታ ፕሮፔን የተቀላቀለበት ይያዛል። ድንኳን ውስጥ ግን በምንም ምክንያት አይለኮስም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰውን ሳያስነቃ ይገድላል። በዚህ ጉዳይ ክበቡ ዝናብንም ሰበብ አድርጎ አይቀበልም።

ሩዝ ከሁሉም የበለጠ አስቸግሯል። ልኩ 2 ኩባያ ሩዝ በ3 ኩባያ ተኩል ውሃ ነው። ከፈላ በኋላ ተከድኖ በስስ ፍም ላይ 12 ደቂቃ፣ ከእሳት ወጥቶ ሳይከፈት 10 ደቂቃ ይቆያል። ክዳኑን እየከፈተ የሚያይ ሰው እንፋሎቱን ያጣዋል፤ ከላይ ጥሬ፣ ከታች ያረረ ሩዝ የሚመጣው ከዚያ ነው። ካረረም መፋቅ አይገባም፤ የላዩን ብቻ ወደ ሌላ ዕቃ ማዛወር ነው፣ ማማሰያ ከነካው የማረሩ ሽታ ወደ ሁሉም ይደርሳል።

ድንች በፎይል ለማብሰል ውፍረቱ 1 ሴንቲሜትር ሆኖ ይከተፋል፣ በዘይትና በጨው ይታሻል፣ በሁለት ድርብ ፎይል ይጠቀለላል፣ በፍም ላይ አንዴ እየተገላበጠ 25 ደቂቃ ይቆያል። ቲማቲምና ሎሚ ፎይሉን ስለሚበሉት የሚጨመሩት ሲቀርብ ነው።

ሥጋ የሚፈልግ ቤት በረዶ አድርጎት፣ በሁለት ፌስታል አሽጎ፣ በማቀዝቀዣ ሳጥኑ ታች ያስቀምጠውና የመጀመሪያው ምሽት ይጨርሰዋል። ሳጥኑ ከ5 ዲግሪ በታች መቆየት አለበት፤ ትልቅ የበረዶ ጡብ ከተከሰከሰ በረዶ ይበልጥ ይቆያል። ጥሬ ዶሮ ግን የሙቀት መለኪያ ለሌለው ሰው አልመክርም፤ ውስጡ 74 ዲግሪ መድረሱን በጨለማ በዓይን ማወቅ አይቻልም። የተረፈ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቀመጥም፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ከ1 ሰዓት። የተረፈ ሩዝ ለጠዋት የማናቆየው ለዚህ ነው፤ በውስጡ የሚፈጠረውን መርዝ ማሞቅ አያጠፋውም።

ዕቃ የሚታጠበው ከወንዝ ወይም ከምንጭ 60 ሜትር ርቆ ነው፤ ሳሙናው «ለተፈጥሮ ተስማሚ» ቢባልም ያው ነው። እሳቱ ላይ ውሃ ይፈስሳል፣ ይማሰላል፣ እንደገና ይፈስሳል፤ አመዱ በእጅ ጀርባ ሲነካ ካልቀዘቀዘ ማንም ወደ ድንኳን አይገባም።

ለመጪው ዓመት ክበቡ የሚያስፈልገው ወፍራም መቀመጫና የሚገጥም ክዳን ያለው ድስት ነው፤ አሁን ያሉት ስስ አሉሚኒየሞች ሙቀቱን በአንድ ቦታ ስለሚይዙ ሩዙን የሚያሳርሩት እነሱ ናቸው። ቤቱ ትርፍ ድስት ያለው ወላጅ ለክበቡ ተጠሪ መምህር ቢሰጥ እንቀበላለን። አዲስ አባላት ሲመዘገቡ የራሳቸውን ማንኪያ፣ ሳህንና የግንባር ባትሪ ይዘው ይምጡ።