ቶሚ ኩፐርን በሞቱ ብቻ አናስታውሰው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የብሪታንያው የቴሌቪዥን ኮሜዲያን ቶሚ ኩፐር ስሙ በተነሳ ቁጥር የሚወራው እ.ኤ.አ. በ1984 በቀጥታ ሥርጭት መድረክ ላይ መውደቁ፣ ተመልካቹም የቀልዱ አካል መስሎት መሳቁ ነው። ይህ ያሳዝነኛል። የአንድ ምሽት ሞት የዕድሜ ልክ ሥራውን ሊሸፍነው አይገባም።

ኩፐር በ1940 የፈረሰኛ ዘብ ክፍል ገብቶ ሰባት ዓመት ያገለገለ ወታደር ነበር። በሙያው የተፍታታውም ግብፅ ውስጥ፣ ለጦር ጓዶቹ በሚቀርቡ የመዝናኛ ዝግጅቶች ላይ ነው። ሲነገር እንደኖረው፣ ካይሮ ላይ ለትርኢቱ የሚያደርገውን ቆብ ቢያጣ፣ ታርቡሽ የሚባለውን ቀይ ቆብ ከአንድ አስተናጋጅ ራስ ላይ አንስቶ አጠለቀ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ታርቡሹም እስከ መጨረሻው መለያው ሆነ።

ምትሃቱ ሁልጊዜ የሚከሽፍበት ሰው ይመስላል። በእርግጥ ግን የብሪታንያ ምትሃተኞች ማኅበር አባል፣ እጁ የሠለጠነ ባለሙያ ነበር። እንዲያ አሳምሮ ለማበላሸት ምን ያህል መልመድ ይጠይቃል!

ስለ እሱ ዳግም ስትጽፉ፣ እባካችሁ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በቴሌቪዥን የሠራቸውን ትርኢቶች አስቀድሙ።

አክባሪ አንባቢያችሁ