በእኔ ስም እንዳይደውሉላት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው ሳምንት በስልክ «እስቲ እኔ ላናግራት፤ እኔን እንቢ አትለኝም» ያሉኝን ሳወጣና ሳወርድ ሰንብቼ፣ በቃል ብመልስልዎ ድምፄ እንዳይከዳኝ ስለፈራሁ በጽሑፍ ማስረዳቱን መርጫለሁ። እውነት ነው፣ እንቢ አትልዎትም፤ የምፈራውም ይህንኑ ነው። እርስዎን አክብራ ብትመለስ፣ የተመለሰችው ለእርስዎ እንጂ ለእኔ አይሆንም።

ከተለያየን አራት ወር ሊሞላን ነው። እንድትመለስ እፈልጋለሁ፤ ይህን ከእርስዎ አልደብቅም። ነገር ግን የፍላጎቴ ምን ያህሉ ፍቅር፣ ምን ያህሉ የለመዱትን የማጣት ሕመም እንደሆነ መለየት ጊዜ ወስዶብኛል። እርስዎ ሲጋራ ያቆሙ ሰሞን፣ ሲጋራው እንደሌለ እያወቁ እጅዎ የሸሚዝዎን ኪስ ይዳብስ ነበር። የእኔም እጅ እንደዚያው ሆኗል፤ ዓይኔ በወጉ ሳይገለጥ ስልኬን አንስቼ ጽፋልኝ እንደሆነ አያለሁ። ሄለን ፊሸር የተባሉት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ፍቅረኞቻቸው በቅርቡ ትተዋቸው የሄዱ 15 ሰዎችን የእነዚያኑ ፍቅረኞች ፎቶግራፍ እያሳዩ አንጎላቸውን ሲመረምሩ፣ ከኮኬይን ሱስ ጋር የሚያያዙት ክፍሎች ሲነቃቁ አግኝተዋል። ይህን ሳነብ አፈርኩም፣ ቀለለኝም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሌሊት ሌሊት የላክሁላት ረጃጅም መልእክቶች ለእርሷ የተጻፉ ይመስሉኝ ነበር እንጂ የራሴን ጥም ማስታገሻ ነበሩ። ለአንዱም አልመለሰችም፤ እኔም ብሆን አልመልስም ነበር።

በመካከላችን ሌላ ሰው አልገባም፤ ገብቶ ቢሆን ለማስረዳት ይቀለኝ ነበር። ጥፋቴ ሲያዩት ትንሽ ነው፦ ቅር ያላትን ልትነግረኝ ስትጀምር፣ ሳትጨርስ «ይቅርታ፣ አጥፍቻለሁ» እላት ነበር። ለተመልካች ትሕትና ይመስላል፤ የእኔ ይቅርታ ግን የአፏ መዝጊያ ነበር። በመጨረሻው ቀን በሩ አጠገብ ቆማ፣ የቤቱን ቁልፍ ከቀለበቱ በጥፍሯ ለማውጣት እየታገለች፣ «በምን እንደተከፋሁ እስቲ ንገረኝ» አለችኝ። ቁልፉ እስኪወጣ ድረስ ጠበቀችኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

አሁን መልሱ ያለኝ ይመስለኛል። አንዲት አጭር ደብዳቤ ልጽፍላት አስቤአለሁ፤ ያን ጊዜ ያልሰማኋትን አሁን እንደገባኝ መጠን የምትገልጽ፣ «ተመለሺ» የሚል ቃል የሌለባት፣ መልስም የማትጠይቅ። ተስፋዬ በየመስመሩ ተደብቆ አብሮ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ዝም ካለች ግን ዝምታዋን መልስ አድርጌ እቀበላለሁ፤ ዳግመኛ አልጽፍም።

ስለዚህ አባባ፣ እባክዎ አይደውሉላት። ስለ ዓይንዎ ሕክምና ልትጠይቅዎ ራሷ ስትደውል እንደ ወትሮው ያጫውቷት፤ የእኔን ነገር ግን አያንሱባት፤ ከስቷል፣ እንቅልፍ አጥቷል አይበሏት። በኋላ እኔ ደውዬ «ድምፅዋ እንዴት ነበር?» ብዬ ብጠይቅዎም አይንገሩኝ።

አክባሪ ልጅዎ