ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፦ ብርቱካናማውን ገመድ ማን ያስተምረን?

ጤና ይስጥልኝ፣

እኔ መካኒክ ነኝ። ጋራዥ የገባሁት ገና ልጅ ሆኜ ቁልፍ ለማቀበል ነው፣ ከዛ ፍሪሲዮን ማውረድ፣ ከዛ ቴስታታ መክፈት እያልኩ ዛሬ እኔም በተራዬ ቁልፍ የሚያቀብሉኝ ልጆች አሉኝ። የምጽፍላችሁ የኤሌክትሪክ መኪናን ለመቃወም አይደለም፣ ቶሎ ብላችሁ "ይሄ ደሞ" እንዳትሉኝ። ነዳጅ የምንገዛው በዶላር ነው፣ መብራቱ ግን አብዛኛው ከራሳችን ውሃ ነው፣ ህዳሴም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ ስለዚ ጥር 2016 ላይ የነዳጅ አውቶሞቢል ከእንግዲህ አይገባም ሲባል ሂሳቡ ገብቶኛል።

ያልገባኝ የኛ ነገር ነው። የኤሌክትሪኩን ኮፈን ስትከፍቱት እኮ ካንዴላ የለ፣ ኖዝል የለ፣ ማርሚታ የለ፣ የሞተር ዘይት ቅየራ ብሎ ነገር የለ። ፍሬን ሸራው እንኳን ቶሎ አያልቅም፣ እግርህን ከነዳጁ (ይቅርታ፣ ከፔዳሉ) ስታነሳ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ለኛ የሚተርፈን ጎማ፣ የእግር ስራና ቦዲ ነው።

ባለፈው አንድ ደንበኛ ኤሌክትሪክ መኪናውን ይዞ መጣ፣ ከስር ድምፅ አለው ብሎ። ልጁ ስር ገባ፣ እኔ ሌላ ስራ ላይ ነኝ፣ ዞር ስል ብርቱካናማውን ገመድ በቁልፍ ሊነካካ ነው። እንዴት እንደጮህኩ አልነግራችሁም። ያ ገመድ በብዙ መቶ ቮልት የሚሰራ ነው፣ ቀለሙም ብርቱካናማ የሆነው ሰው አይቶት እንዲሸሽ ነው፣ መጀመሪያ መኪናውን አጥፍተህ፣ ለከፍተኛ ቮልት የተሰራ የላስቲክ ጓንት አድርገህ ሰርቪስ ፕለጉን (የባትሪውን ከፍተኛ ቮልት የሚያቋርጠውን መሰኪያ) ትነቅላለህ፣ ደቂቃዎች ትጠብቃለህ፣ ጓንቱን ሳታወልቅ በሜትር ለክተህ ሞቶ ካገኘኸው በኋላ ነው የምትነካው። ይሄን ማን አስተማረኝ? ዩቲዩብ። ልጁ ያን ቀን ማታ እናቱ ጋ በሰላም የገባው በዩቲዩብ ነው ማለት ነው።

የምለምናችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። ስልጠና ስታዘጋጁ ማታ ወይ እሁድ አድርጉት፣ ጋራዡን ቀን ዘግቶ የሚማር የለም፣ የቤት ኪራይ አይጠብቅም። ዲፕሎማ አምጡ አትበሉን፣ ብዙዎቻችን ወረቀት የለንም፣ ሲኦሲውን (የሙያ ብቃት ምዘናውን) በእጃችን ስራ ፈትኑን፣ የማይችል ይውደቅ። አስመጪዎቹም ማኑዋሉንና የዲያግኖስቲክ ሶፍትዌሩን ከነሱ ውጪ ላለነው ጋራዦችም እንዲከፍቱ ከሚመለከተው አካል ጋር ተነጋገሩልን፣ አሁን ስክሪኑ በቻይንኛ ሲያወራን ስልካችንን ደቅነን ነው የምናስተረጉመው።

ነገ ስራ አጥ እንሆናለን አላልኩም፣ መንገድ ላይ ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ አመት ያኖሩናል። ግን ጊዜው ያለን አሁን ነው። ጀርመን በፈረንጆች 2020 የከሰል ማመንጫዎቿን እስከ 2038 የሚያዘጋ ህግ ስታወጣ የከሰል አካባቢዎቹን ለመደገፍ እስከ 40 ቢሊዮን ዩሮ አስባ ነው፣ እኛ ቢሊዮን አላልንም፣ ክፍልና አስተማሪ ነው ያልነው።

ጓንቱን እስከዛው በራሳችን ገዝተናል። አንድ ጥንድ ነው፣ ለአራት ሰው በየተራ።