ባለ መንጠቆ ላስቲክ ገመድ መሸጥ ስለማቆማችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በሁለቱም ጫፉ የብረት መንጠቆ ያለውን ላስቲክ ገመድ ከመደርደሪያችን ካነሳን ወዲህ ብዙዎቻችሁ ቅር መሰኘታችሁን ነግራችሁናል፤ አንዳንዶቻችሁም «ውድ ውዱን ልትሸጡልን ነው» እስከማለት ደርሳችኋል። አስቀድመን ባለማሳወቃችን ይቅርታ እንጠይቃለን። በውሳኔው ግን አልተጸጸትንም።

ላስቲክ ገመድ በተጎነጎነ የናይለን ወይም የፖሊስተር ሽፋን ውስጥ የታቀፉ ብዙ ቀጫጭን የጎማ ክሮች ነው። በለጠጣችሁት መጠን ጉልበት ያጠራቅማል፤ መንጠቆው ሲያመልጥ ያ ጉልበት ብረቱን ይዞ ወደ ሳበው ሰው ይመለሳል። የጀልባ ሸራ የሚያስር ሰው ደግሞ አጎንብሶ፣ ፊቱን ወደ እጁ አቅርቦ ነው የሚስበው። የዓይን ሐኪሞች በዚህ ዓይነት መንጠቆ ስለተጎዱ ዓይኖች በየጊዜው ጽፈዋል። እኔም ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን የወረደውን ሸራ የሸራው ግርጌ ከሚያርፍበት አግዳሚ ምሰሶ ጋር ሳስር ጀልባዋ ድንገት ተንገዳገደች፤ መንጠቆው ከእጄ ወጥቶ ቅንድቤን ሰነጠቀው። ጠባሳው አሁንም አለ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ያንኑ ዕቃ ስሸጥላችሁ መኖሬ ከወቀሳችሁ ይልቅ ያሳፍረኛል።

በምትኩ የምናቀርበው የገመዱ ቀለበት በፕላስቲክ ኳስ ላይ የሚጠለፍበት ነው። ቢያመልጥም የሚመታችሁ ብረት የለውም። ዋጋው ከፍ ያለው የገመዱም የማጓጓዣውም ወጪ ስለጨመረብን፣ እያንዳንዱንም ጫፍ በሰም በተነከረ ክር በእጃችን ስለምንጠመጥም ነው። ቀጠን ያለ ገመድ አስገብተን ዋጋውን ማውረድ እንችል ነበር፤ ለእናንተ ግን እንዲህ ማድረግ አልሆነልንም።

ይህም ቢሆን ለሁሉም ነገር አይሆንም። የታጠፈ ሸራ ለማሰር፣ መቅዘፊያ ከቦታው እንዳይንሸራተት ለመያዝ፣ በነፋስ ምሰሶውን እየደበደበ እንቅልፍ የሚነሳውን ገመድ ገለል ለማድረግ ተጠቀሙበት። ሰው የሚንጠለጠልበት፣ ጀልባ የሚጎተትበት ወይም ብቻውን ጀልባ ከወደብ ጋር የሚያስር ገመድ ግን ከቶ አይሁን። የመሪውን እጀታ በላስቲክ ወጥሮ ብቻውን የሚጓዝ ሰውም ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ጀልባዋ ትታው እንደምትሄድ ያስብ።

ፀሐይ ጎማውን ቀስ በቀስ ትገድለዋለች፤ ሽፋኑ ግን አዲስ መስሎ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በየጊዜው ለጥጣችሁ ልቀቁት፤ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ካልተመለሰ ወይም ሽፋኑ ተጨማዶ ከቀረ ጣሉት።

አሮጌውን ባለ መንጠቆ የያዛችሁ፣ ስትፈቱት ፊታችሁን ከገመዱ አቅጣጫ ዘወር አድርጉ፤ ውጥረቱ እስኪላላም መንጠቆውን ከመዳፋችሁ አትልቀቁ። ወደ እኛ ብታመጡት ደግሞ፣ ጎማው ገና ካልሞተ፣ መንጠቆውን ቆርጠን ጫፉን ያለ ክፍያ እንሠራላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት