አባዬ፣ ሽምግልናውን እምቢ በል

አባዬ እንዴት ነህ? ጉልበትህስ? ደሴ ብርዱ ብሶበታል አሉ። ጦሳ ላይ ጉም ሲተኛ ጠዋት አትውጣ ብዬህ ነበር። ሱብሂን ቤትህ ስገድ፣ አላህ ያውቅልሃል።

በስልክ ልነግርህ ነበር። ግን በስልክ አንተ "አብሽሪ" ትለኛለህ፣ ከዛ ኔትወርኩ ይቆረጣል፣ አለቀ። ደብዳቤውን ያመጣልህ ሰውዬ መድኃኒትህንም ይዟል። አምሎዲፒኑ በቀን አንድ ነው፣ ደህና ነኝ ብለህ እንዳትዘለው። መነጽርህን አድርግና ራስህ አንብበው፣ ለማንም አታስነብብ። ስትጨርስ ምድጃ ውስጥ ክተተው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ትንሹ ጥርሱ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወርውሩልኝ ብሎ ሲያለቅስ ዋለ፤ ኮንዶሚኒየም ላይ ምን ጣሪያ አለ? አያቴ ቤት ወስዳችሁ ወርውሩልኝ አለ። በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጬለታለሁ። መንገዱ ሰላም ሲሆን እናመጣዋለን። ድሮ በአንድ ቀን የምንገባበት 400 ኪሎ ሜትር አሁን ዱዓ ተደርጎ፣ ተሰነባብቶ ነው የሚኬደው።

አክስቴ ደውላልኝ ነበር። ከቀበሌ ሁለት ጊዜ መጡ አለችኝ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆነህ ጫካ የገቡትን ልጆች እንድታስገባ፣ መጀመሪያ የራስህን። አንተም "አስብበታለሁ" አልካቸው።

አስብበታለሁ!

እኔ ስለ ወንድሜ ስለ አቡሽ ልጽፍ ቁጭ ብዬ እጄ ወደ 1984 ይሄድብኛል። አስራ አንድ ዓመቴ ነበር። ስንቅህን በሳህን አድርጌ፣ በእማዬ ነጠላ ቋጥሬ፣ ሰባት ወር እስር ቤት ተመላልሻለሁ። አንድ ቀን ከኛ ቤት በታች ያሉት እትዬ አስቆሙኝ። እሳቸው እኮ ሰላም የማይሉን ሴትዮ ናቸው፤ እማዬ ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አፌን በጥፊ ብላኛለች። ሳህኑን አዩት። ከዛ ቀስ ብለው "ልጄ በሩን የከፈተው የአባትሽን ድምፅ ስለሚያውቅ ነው" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ሽሮው እስኪቀዘቅዝ እዛው ቆሜ ቀረሁ።

ይኸው ይሄን ዓረፍተ ነገር 30 ዓመት ሙሉ ተሸክሜ አንድ ቀን አልጠየቅኩህም። አሁንም እየጠየቅኩህ አይደለም። አንተ የነገርከኝን ብቻ ነው የማውቀው። ቀበሌ በ1967 ሲመጣ ወሬው ሁሉ ስለ ትርፍ ቤት ነበር፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጠመንጃ ያዘ ብለኸኛል። አንተ የሃያ ዓመት ልጅ፣ ሲንጀር ላይ ኮት እየሰፋህ፣ ማታ አብዮት ጥበቃ። ወታደር አይደለህ፣ ፖሊስ አይደለህ። የሚያዙት ሰዎች ዝርዝር ከላይ ይመጣል። ዝርዝሩን የጻፈው ሰው ግን የትኛው ቤት በየት በኩል እንደሚገባ አያውቅም፣ ያን የሚያውቀው የሰፈር ልጅ ነው። ለዚህ ነው የፈለጉህ። አፈ ጮሌ ስለሆንክ ወይም አብዮቱ ስለገባህ አይመስለኝም (ይቅርታ አባዬ፣ ማርክሲዝሙ ብዙም የገባህ አይመስለኝም)።

ከዛ መንግሥቱ ሐራሬ ገባ፣ አንተ እስር ቤት ገባህ። ዝርዝሩን የሰጠህ ሰውዬ ከናንተ ጋር አልታሰረም። ይሄንን ራስህ ነህ የነገርከኝ፣ አንዴ ብቻ፣ ለኢድ፣ በጉን እየገፈፍክ።

ታዲያ ይሄን ሁሉ እያወቅክ አቡሽን እንዴት? ሐምሌ 2013 ላይ ክልሉ መሣሪያ ያለው ሁሉ ይነሳ ሲል ምንሽሩን ከኮርኒሱ አውርደህ ወልውለህ ሰጠኸው። መረቅከው። እኔ በስልክ አለቀስኩ፣ አንተ "ሴት አትሁኚ" አልከኝ። ሴት ነኝ እኮ።

አትሂድ ማለት ነበረብህ እያልኩ አይደለም። ሕወሓቶች ሐይቅ ደረሱ ሲባል ማን ቤቱ ይቀመጣል? ጥቅምት 20 አካባቢ ደሴ ስትያዝ፣ እስከ ኅዳር 27 ድምፅህን ሳልሰማ፣ እኔም ፋኖ ይድረስልን ብዬ ዱዓ አድርጌያለሁ። ቴሌቪዥኑም ጀግኖቻችን ይል ነበር። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። አንድ ወረቀት አልጠየቅክለትም። ደመወዝ የለው፣ ማዕረግ የለው፣ ቢሞት ለቤተሰቡ የሚሰጥ የለ። ስሙ ያለው ቀበሌው ደብተር ላይ ብቻ ነው። ግንቦት 2014 ሕግ ማስከበር ሲባል ያ ደብተር ነው የወጣው፣ እና ቤታችን የመጡት ምን ይዘው እንደመጡ አንተ አይተሃል። በ2015 ልዩ ኃይሉ ሲፈርስ፣ ሐምሌ ላይ አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ፣ ያው ልጅ ጽንፈኛ ተባለ። ባጃጁን ለጓደኛው ሰጥቶ ሄደ። እዛ ያሉትም መላእክት አይደሉም፣ አውቃለሁ፤ መንገድ ላይ የቆመው የማን ታጣቂ እንደሆነ እንኳ መለየት አቅቶን ነው ልጆቼን የማላመጣልህ። አሁን ደግሞ ከኛው ሰፈር ሌሎች ልጆች ለሚሊሻ እየተመዘገቡ ነው አሉ። ደብተሩ አዲስ ይሁን አሮጌው አልጠየቅኩም።

የጻፍኩት ለዚህ ነው፣ ልዞርበት አልችልም። አቡሽ ደውሎልኛል። ሦስት ሳምንት ሆነው። ስትጠይቀኝ "ወሬ የለም" ያልኩህ ውሸት ነው። ድምፁ ጎርንኗል፣ ያስለዋል፣ የት እንዳለ አልነገረኝም። ሽማግሌ ሊላክ ነው ሲባል ሰምቷል። "ሌላ ሰው ቢመጣ አልወጣም፣ አባዬ ከጠራኝ ግን እወጣለሁ፣ እሱን እምቢ ማለት አልችልም" አለኝ።

ምናልባት ምንም አያደርጉት ይሆናል። ቃላቸውን ይጠብቁም ይሆናል። የእትዬ ልጅም ለጥያቄ ብቻ ነው የሚፈለገው ተብሎ ነበር አይደል?

እጁን ይስጥ፣ አይስጥ፣ እሱ ይወስን። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሌላ ሽማግሌ ይላኩ፣ አንተ ግን አትጥራው። ሲመጡ ጉልበቴን አሞኛል፣ ደሜ ከፍ ብሏል በላቸው። ውሸትም አይደለም። ባለፈው 170 ነበር፣ አክስቴ ነግራኛለች። ጨው ቀንስ። ኪኒኑንም ከቡና ጋር አትውሰደው።

ልጅህ