ኦምቡድስማን የእንግሊዝኛ ቃል አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። እኛ «እንባ ጠባቂ» የምንለው «ኦምቡድስማን» የእንግሊዝኛ ቃል ነው የሚለውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እንግሊዞች የተዋሱት ከስዊድን ነው። እኔ ኦስሎ ውስጥ አስተርጓሚ ስለሆንኩ በኖርዌጂያኛው በኩል ላስረዳ።

ሥሩ የጥንቱ ኖርስ «ኡምቦድ» ነው። «ኡም» ስለ ማለት ሲሆን «ቦድ» መልእክት ወይም ትእዛዝ ነው። ይህ ሁለተኛው ዛሬም አፍ ላይ አለ። ዐሥርቱ ትእዛዛት በኖርዌጂያኛ «ዲ ቲ ቡድ» ናቸው። በብስክሌት ምግብ የሚያደርሰው ልጅም «ሲከልቡድ» ይባላል። ሁለቱ ሲጋጠሙ ውክልና ሆኑ፤ «ማን»፣ ማለትም ሰው፣ ሲጨመር ደግሞ በሌላው ስም የሚሠራ ሰው። በመካከለኛው ዘመን የንጉሡን ጉዳይ የሚያስፈጽመው ሹም በዚህ ስም ይጠራ ነበር።

ለዚህ እኮ እኛ «እንደራሴ» የሚል ግሩም ቃል አለን! በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ራስ ተፈሪ የያዙት ማዕረግ ነው።

ኋላ ላይ ላኪው ተለወጠ። ስዊድን በ1809 ፓርላማው የሚመርጠው ኦምቡድስማን አቋቋመች። ኖርዌይ ለመንግሥት አስተዳደር የሚሆነውን የኦምቡድስማን ሕግ በ1962 አወጣች፤ በ1981 ደግሞ ከዓለም ቀድማ የሕፃናት ኦምቡድ ሾመች። በ2021 ሴቱንም ወንዱንም እንዲያካትት «ማን» ለመንግሥት አስተዳደር ከተቋቋመው መሥሪያ ቤት ስም ወጣ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ሁሉ የምለው ነገሩ ሥራዬ ላይ ስለሚገጥመኝ ነው። አንዲት እናት ይግባኛቸው ውድቅ ሆኖ ደብዳቤ መጣላቸው። ታች ላይ «ለኦምቡዱ ማመልከት ይችላሉ» ይላል። «ለእንባ ጠባቂ» ብዬ ተረጎምኩላቸው። ቆጣ አሉ። «ልጄ፣ ማን አለቀሰ? መብቴን ነው የምጠይቀው» አሉኝ። «በእርስዎ ስም መሥሪያ ቤቱን የሚጠይቅ፣ የሕዝብ እንደራሴ ነው» ስላቸው ወዲያው ገባቸው። ውሳኔውን ራሱ መሻር እንደማይችል፣ መሥሪያ ቤቱ ጉዳዩን እንደገና እንዲያይ ግን ማሳሰብ እንደሚችል ነገርኳቸው። ማመልከቻውን እዚያው ጻፍን።

የእኛ ተቋም ስም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 (በእኛ አቆጣጠር) የጸና ነውና ይቀየር አልልም። ሌላ ጊዜ የቃሉን ትርጉም ስታስረዱ ግን እባካችሁ ከእንባው ጎን ውክልናውንም ጻፉልን። አቤቱታ ይዞ የሚሄድ ሰው ምጽዋት ጠያቂ ሳይሆን ላኪ መሆኑን ይወቅ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አስተርጓሚ፣ ከኦስሎ