ደብዳቤ ለልጄ፣ ጋምቤላ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብረ ሲና ጉሙ እንዳንተ ጊዜ ነው፣ እስከ ረፋድ አይነሳም።

ጓደኛህ ሁሉንም ነገረኝ። እንዳትቆጣው። ብርድ ብርድ ብሎህ ተኝተሃል፣ ብሽሽትህ አብጧል፣ ከዚያ ቀይ መስመር ወደ እግርህ ወርዷል። ትኩሳቱ ሲተውህ «ዳንኩ» ብለህ ሥራ ገባህ። ልጄ፣ አትደብቅ።

ያቺ የጎረቤታችን ልጅ፣ ነርሷ፣ አስረዳችኝ። ጋምቤላ ቢምቢ የምታስተላልፈው ትል አለ፤ ፊላሪያ ይሉታል። ለወራት ደጋግማ ስትነክስ ነው የሚይዘው። ትሉ ሊምፍ የሚሉት የሰውነት ፈሳሽ በሚሄድበት ቱቦ ውስጥ ገብቶ ዓመታት ይኖራል። ብዙው ሰው ምንም አይሰማውም። ሌላው እንዳንተ ትኩሳቱ ይመጣበታል፣ ይሄድለታል። ኋላ እግር ያብጣል፣ ቆዳ ይወፍራል። ወንድ ላይ ደግሞ ቆለጥ ውሃ ይቋጥራል። አባትህ ነኝ፣ አትፈረኝ፤ እሱም ካበጠ ተናገር። በቀዶ ጥገና ይስተካከላል።

አክስትህን ታስታውሳታለህ። እግሯን ግን አላየኸውም፣ ሁሌ በነጠላ ትሸፍነው ነበር። የሷ ከቢምቢ አልነበረም። ቀይ አፈር በባዶ እግሯ እየረገጠች አደገች፣ አፈሩ ነው ያሳበጣት። እኛ ግን የዘር ነው አልን። በሠርጌ ቀን እንግዳ እንዳያያት ጓዳ አስቀመጥናት። ወጡን የሠራችው እሷ ናት። እናትህን ይዤ ስገባ ከጓዳ እልል ስትል ድምጿን ለየሁት። ወጥተሽ ሳሚን አላልኳትም። እግርን በየቀኑ በሳሙና አጥቦ ማድረቅና ጫማ ማድረግ ሕመሙን እንደሚያቀል የሰማሁት ከቀበርናት በኋላ ነው። እታለምን እኔ ነኝ የደበቅኳት። አንተ ራስህን አትደብቅ!

አሁን ስማኝ። ነገ ጤና ጣቢያ ሂድ። ወባም ይታይልህ። የትሉን ምርመራ ግን ቀን ተመርምረህ «የለብኝም» እንዳትለኝ። የትሉ ጥቃቅን እጮች ደም ውስጥ የሚወጡት ሌሊት ነው፤ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ደምህን እንዲወስዱ ጠይቅ። በዓመት አንዴ አይቨርሜክቲንና አልቤንዳዞል ሲታደል ወረፋ ሰልችቶህ ትተኸው ሄድክ አሉ። ዘንድሮ እንዳታደርገው። እግርህ ጣቶች መሃል ቁስል ካለ አሳያቸው። ስትቀመጥ እግርህን ከፍ አድርገው።

በሾፌሩ እጅ በሶ፣ ሳሙናና አጎበር ልኬያለሁ። አጎበሩን ዛሬውኑ ስቀለው። ውጤቱን መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ፣ እናትህን እኔ አረጋጋታለሁ። ደም ሰጥተህ ስትወጣ ደውል። ሌሊት ነው አትበል፣ አልተኛም።

አባትህ